አራጌ ሊወድቅ የፈለገው ፈተና

ይማምን የገደለችው ጥይት በደረቱ ገብታ በጀርባው ወጣች፤ ቦዩን ተሻገረች፤ ማዶ የቆመ በሬ ቀንድ ሰበረች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች አይታወቅም። ዋጃ ድረስ ሄዳለች የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። ዋጃ ሩቅ ነው፤ ቢበዛ ግማሽ መንገድ ብትሄድ ነው። ይማም ግን አካፋውን እንደያዘ በቦዩ ውስጥ በአፉ ተደፋ። ያን ቀን የእኛ ማሽላ የጠጣው ውሃ ቀይ ነበር። እዚህ ላይ አልጨመርኩም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ተኳሹ አሊ ነው። ጠቡ የመስኖ ተራ ነው፤ ተራዬን ወሰድክ፣ አልወሰድኩም፣ ውሸታም፣ አባትህ ውሸታም፣ ዷ! አሊ በዚያው በአፋር በረሃ በኩል ጠፋ። ጅቡቲ ገባ፣ የመን ገባ፣ ሳዑዲ ገባ እየተባለ በሰው አፍ ሲሻገር ከረመ። ሰው ይሰደዳል፤ ደም ግን አይሰደድም። ገዳይ ካልተገኘ ደሙ ወደ ወንድሙ ይዞራል። የአሊ ወንድም ደግሞ ሙህሲን ነው፤ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው።

የሟቹ ወንድም አራጌ ነው። አራጌ በአንድ ቡጢ ግመል ያንበረከከ ጎበዝ ነው። ግመሉ ራሱ ሊንበረከክ ሲል ነው የመታው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሟቸው። የመጀመሪያውን ዓመት አሊን ሲፈልግ አሳለፈ። አጣው። በሁለተኛው ዓመት ክላሹን ወልውሎ ፊቱን ወደ ሙህሲን መለሰ።

ይሄኔ ዘወልድ የምንላቸው የደም ሽማግሌዎች መሐል ገቡና፣ ማሽላው ታጭዶ እስኪገባ ድረስ ጊዜ ስጠን ብለው ለመኑት። ለማሽላው ሲል እሺ አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደመኛህን አትነካም። ሰላምም አትለውም። ሰላም ብሎህ ከመለስክለት ነገሩ አለቀ፤ ሰላም ተባብላችኋል። ከዚያ በኋላ ብትገድለው ደም መላሽ አይደለህም፤ ወንበዴ ነህ፤ ስትሞት የገዛ ዘመድህ አፈር አይመልስብህም። ለዚህ ነው ደመኞች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ አንዱ መሬት እያየ የሚያልፉት። በዚህ የተነሳ ቦይ ውስጥ የገባ ሰው አውቃለሁ።

በዚያ ሰሞን የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ይቀጠራሉ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ተባለ። ፓምፑ አማርኛ አይሰማም መሰለኝ። ቆቦ ገበያ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ አዳራሽ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ተከፈተ። ሙህሲን ተመዘገበ። እኔም፣ ስሜ እንዳለው ይባላል፣ ከሰባተኛ ክፍል ጋር ተጣልቼ የወጣሁት፣ ተመዘገብኩ። በሦስተኛው ቀን አራጌ መጣ።

አራጌ ለፓምፕ ግድ የለውም። «ሰው ቋንቋ የሚማረው ሊጠፋ ሲል ነው» አለ። «ወንድሙ በባሕር አመለጠኝ፤ ይሄኛው በደብተር ሊያመልጠኝ ነው።» ሊገድለው የቀጠረውን ሰው ላለማጣት ብሎ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

በር ላይ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘነበች ናቸው። መሣሪያ ይዞ መግባት ስለተከለከለ፣ ክላሹን ሁሉ እሳቸው ተቀብለው ከከሰል ጆንያው አጠገብ ይደረድሩታል። የማን እንደሆነ በማንገቻው ይለዩታል። «ና የኔ ጌታ፣ ብረትህን እዚህ፣ አእምሮህን ወደ ውስጥ» ይላሉ።

መምህሩ ቲቸር አባይ ይባላል። ከጎጃም የመጣ ነው፤ የእኛን አገር ደንብ አያውቅም። የሚያውቀው ሰዋስውና የወይራ ዱላ ነው። ሰዋስው በጆሮ አይገባም፣ በትከሻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። ሌላ ሰው እንዲህ ቢነካን ሬሳውን ነበር የምናሳያችሁ። መምህር እንደ ሸህና እንደ ቄስ ነው ብለን ቻልነው።

«ሂ ጎ» ስንል ዱላ። «ሂ ጎስ ነው፣ ሂ ጎስ! ያቺን ስ የት ትጥሏታላችሁ?» ዱላ። በአንድ ጠዋት ስለዚያች ስ ብቻ መቶ ሃያ ሰባት ዱላ ቆጥሬያለሁ፤ ቀሪውን ራሴን ስቼ አልቆጠርኩም። የገረመኝ ነገር አለ። ዱላው በሁላችንም ላይ ያርፋል፤ ደካማውም ጎበዙም ግን የሚስተው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያርመውም በአንድ ሰሞን ነው። መጀመሪያ «ሃውአርዩአይአምፋይንታንክዩ» የሚለውን ሳናኝክ እንደ ድንጋይ ዋጥነው፤ ሁሉም አንድ ቃል መስሎን ነበር። ቀጥሎ በሁሉ ነገር ላይ ኖ ለጠፍን፤ ኖ ውሃ፣ ኖ ሥራ፣ አይ ኖ ጎ። ከሳምንታት በኋላ፣ ቲቸር አባይ ሌላ ትምህርት እየገረፈን ሳለ፣ ሳናስበው አይ ዶንት ጎ ማለት ጀመርን። ያቺ ስ ግን በእኔ ዘንድ እስከ ዛሬ አልገባችም። ማሽላ ስለደበደብከው ቶሎ አያሽትም፤ ቲቸር አባይ ገበሬ ቢሆን ኖሮ ይህን ያውቅ ነበር።

አራጌ ደብተር የለውም። በጋራ ስንጮህ አብሮ ይጮሃል፣ ሌላ ጊዜ ዝም ነው። ዓይኑ ከሙህሲን ከንፈር አይነሳም። መቼ እንደሚጠፋ ከአፉ ሊሰማ ነው። አንድ ቀን ሙህሲን እሱ እንዳይገባው ብሎ በእንግሊዝኛ «ቱሞሮ አይ ጎ ሮቢት» አለኝ፤ አክስቱን ሊጠይቅ ነበር። በማግሥቱ ሮቢት ስንደርስ አራጌ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሙህሲን ላብ አጠመቀው። «እንዳለው፣ ይሄ ሰው ገብቶታል» አለኝ።

«ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኛ!»

እውነቱን ነበር። እኛ ለፓምፕ ተምረን ግማሹ ፈሰሰብን፤ አራጌ ለመግደል አዳምጦ ሁሉም ቀረለት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአርባኛው ቀን ግድም ቲቸር አባይ ሁለት ሁለት እያስነሳ ማነጋገር ጀመረ። ጠራኝና «እነዚያ ሁለቱ ለምንድነው የማይተያዩት?» አለኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን ምላሴ ሳቀች።

«አማቾች ናቸው ቲቸር። አራጌ የሙህሲንን እህት ሊያገባ ነው፤ ይተፋፈራሉ።»

«በእንግሊዝኛ ምን እፍረት አለ!» አለና ዱላውን አነሳ።

እኔ ያሰብኩት አንዱ ጣራ፣ አንዱ ወለል እያየ ሲቆሙ፣ መምህሩም ሲያብድ፣ እኛ እስከ ምሳ እንድንስቅ ነበር። ሁለቱን መሐል ላይ አቆማቸው። እትዬ ዘነበች ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ በሩ ላይ ቀሩ።

«ስፒክ!» አለ ቲቸር አባይ፤ ሙህሲንን ትከሻውን ጠለዘው። «ስፒክ!» ደግሞ ጠለዘው።

ሙህሲን ዱላውን አየ። እኔን አየ። ቀጥሎ አራጌን አየ፤ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን። ጎርፍ የወሰደው ሰው ሥር ሲያገኝ እንደዚያ ነው የሚያየው።

«ጉድ ሞርኒንግ ማይ ፍሬንድ» አለ። «ሃው አር ዩ?»

«አይ አም ፋይን ታንክ ዩ። ኤንድ ዩ?» አለ አራጌ።

አርባ ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ስንጮኸው የከረምነው ነገር ነው፤ አራጌ ሳያዘው በራሱ ወጣ። እጁን ወደ አፉ ሰደደ፤ የወጣውን ሊመልስ መሰለኝ።

ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቀላል። አራጌ የአግዳሚውን እግር ነቅሎ ሙህሲንን ሲመታው፣ ክንዱ ለሁለት ሲቆረጥ ጓ አለ። ነጭ አጥንት በእጅጌው ቀዳዳ ብቅ አለ። ሙህሲን አልጮኸም፤ ተንበረከከ። ሁለተኛው ምት ለራስ ቅሉ ነበር፤ ቲቸር አባይ በመሐል ገብቶ ወይራውን አራጌ ጀርባ ላይ ሰበረው፤ አራጌ ሳይዞር በክርኑ መለሰለትና ሁለት የፊት ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እኔ ጀርባው ላይ ዘለልኩ። ወረወረኝ። ቆርቆሮውን ቀድጄ ውጭ ወደቅሁ፤ ቀዳዳው እስከ ዛሬ የእኔን ቅርጽ ይዟል፤ ጆሮዬ ሳይቀር ይታያል።

አራጌ ክላሹን ሊያመጣ ሮጠ። እትዬ ዘነበች መሣሪያዎቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ አለ።

«ይነሱ እትዬ!»

«አንዲት እርምጃ ብትጨምር ፊትህን እቀቅለዋለሁ!»

«የወንድሜ ደም ነው!»

«እኔ ጋ የፈላ ውሃ ነው ያለው፤ ደምህን ሌላ ቦታ ፈልግ!»

አንድ እርምጃ ጨመረ። ደፉበት። አንገቱ ተላጠ። ይሄኔ ነው ሌሎቹ ደርሰው የጣሉት።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ጎብዬ ደረሰ። እናቱ እትዬ ጀዊሪያ በር ላይ ቆመው ጠበቁት፤ ከይማም ሞት ወዲህ ጥቁር እንጂ ሌላ ለብሰው አያውቁም።

«የወንድምህን ደም በፈረንጅ አፍ ሸጥከው?»

«እማ፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው አፍህን ቆርጠህ አምጣልኝ። ወይ የሙህሲንን ራስ። ከሁለት አንዱን ሳትይዝ ይቺን ደፍ ብትረግጥ ጡቴን እረግምብሃለሁ።»

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተቀመጡ። የሙህሲን ወገን በስተቀኝ፣ የአራጌ በስተግራ፤ በመሐል ሰባ እርምጃ። መሣሪያው ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ተቆልሏል። ሙህሲን ክንዱ በገመድ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ አጠገቡ እናቱ እትዬ ሙሚና ፊታቸውን ነጭተው ተቀምጠዋል። የሽማግሌዎቹ ትልቅ አያ ገብረ ማርያም ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ናቸው ይባላል፤ እሳቸው ግን ሰባ ሁለት ነኝ ይላሉ፤ ከትሕትና ነው።

«ሰላም ብሎሃል፤ መልሰሃል» አሉ።

«ቃሉ ምን እንደሆነ አላውቅም አያ» አለ አራጌ። «ጩኸት ነው። ራዲዮ በየጠዋቱ እንደምን አደራችሁ ይላል፤ ታዲያ ከመንግሥት ጋር ታርቀናል?»

በሁለቱም ወገን ሳቅ ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፤ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ አያ ገብረ ማርያም ዘንጋቸውን ተክለው ፈረዱ።

«ሰላምታ የሚያውቁት ቃል ነው። አራጌ ይህን ቋንቋ የሚሰማ ከሆነ ሰላም ተባብለዋል፤ ደሙ ቆሟል። የማይሰማ ከሆነ የወፍ ጩኸት ነው፤ ትናንት ዱላ ካረፈ ወዲህ ደግሞ የሰጠነው ጊዜ ፈርሷል፤ የአራጌ እጅ ተፈትቷል። መምህሩ ይፈትነው።»

ሙህሲን በሕይወት እንዲያድር አራጌ ፈተና ማለፍ አለበት። አራጌ ደግሞ መውደቅ ይፈልጋል።

ቲቸር አባይ ከንፈሩ እንደ ሳምቡሳ አብጦ ቀረበ። «ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

«ምን ይላል ይሄ ጥርስ የሌለው?»

«ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»

አራጌ አፉን ከፍቶ ሾላውን ያያል። አሥር ጥያቄ ተጠየቀ፤ ዜሮ። ስሙን እንኳን ረሳ። በትምህርት ዓለም ዜሮ ለማግኘት እንደዚያ የለፋ ተማሪ አልታየም፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

ተነሳሁ። የሮቢቱን ነገር ተናገርኩ፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር።

አያ ገብረ ማርያም ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተ አምና ጎሊና ወንዝ ውስጥ አዞ አለ ብለህ ቀበሌውን ሁሉ በጦር ያስወጣኸው እንዳለው አይደለህም?»

«ነኝ አያ፤ ግን ይሄኛው...»

«ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። እውነት በያዝኩባት በዚያች አንድ ቀን የሚሰማኝ አጣሁ። በስተግራ አንዱ የአራጌ አጎት ጩቤውን ከሰገባው ግማሽ ድረስ ስቦ ይመልሳል፤ ይስባል፣ ይመልሳል። አያ ገብረ ማርያም ዘንጋቸውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ዘንጉ ከተነሳ ፍርዱ ጸና ማለት ነው።

ሙህሲን ያኔ ተነሳ። የተሰበረ ክንዱን አቅፎ መሐሉን አቋርጦ ሄደ፤ ከአራጌ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመ። ጀርባውን ለእናቱ ሰጠ።

«አራጌ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሊ ኖት ሳዑዲ። አሊ ዳይ። ሲ። ዋን ዪር። ማይ ማዘር ኖት ኖው።»

ሌሎቹ ተማሪዎች የደሙ ወገን ስላልሆኑ አልመጡም፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የገባን አራት ነን፤ ቲቸር አባይ፣ እኔ፣ ሙህሲን፣ አራጌ። አሊ ሳዑዲ አልገባም። ባሕር በልቶታል፤ ዓመቱ። እናቴ አታውቅም። ሙህሲን በየወሩ ጀልባው ያልደረሰ ወንድሙን ደረሰ እያለ፣ ደወለ እያለ፣ ሰላምታውን ለእናቱ ሲያቀርብ ኖሯል።

ገዳይ ከሞተ ደም የለም። ይህን በአማርኛ ብቻ ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር ትሉ ይሆናል። አይወጣም። የጠፋ ገዳይ ሁሉ ሞተ ይባላል፤ ማንም አያምንም። አራጌ ግን ያመነው ለዚያው ነው። ነፍሱን ሊያድን የሚዋሽ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ይጮሃል፤ እናቱ እንዳትሰማ ብሎ በጎደለ ቋንቋ አይንሾካሾክም።

ቲቸር አባይ ሊያርም አፉን ከፈተ። ከልማድ ነው። ከፈተና ዘጋው።

በአራጌ የተቀቀለ አንገት ላይ ደም ሥሩ ይመታል። ዝም ቢል በቃ፤ ምን አለኝ ይሄ ብሎ መሬት ላይ ቢተፋ፣ ምሳ ሳይደርስ የሙህሲን ራስ ለእትዬ ጀዊሪያ ይደርሳል።

«ምን አለህ?» ብለው ጮኹ እትዬ ጀዊሪያ። «አትስማው! ምን አለህ?»

አራጌ ዓይኑን ከሙህሲን ሳይነቅል «ሁ ቴል ዩ?» አለ። ማን ነገረህ?

«ዋን ማን። ሴም ቦት።»

አብሮት በጀልባው የነበረ ሰው።

አያ ገብረ ማርያም ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «ጠየቀ! ተመለሰለት! ያውቃል! ደሙ ቆሟል!»

በስተቀኝ እልልታ ፈነዳ። በስተግራ እትዬ ጀዊሪያ ድንጋይ አንስተው መጡ። ማንም አልያዛቸውም፤ እናት ናቸው። ልጃቸውን በድንጋዩ ግንባሩን አሉት። አራጌ እጁን አላነሳም።

«በምን ሸነገለህ? ንገረኝ! ለይማም ደም ምን ሰጠህ?»

ቢነግራቸው ኖሮ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። ገዳዩ ሞቷል እማ፣ ደማችን ተመልሷል ቢል፣ ድንጋዩን ጥለው ያቅፉት ነበር። አራጌ በደሙ ውስጥ ወደ ማዶ አየ። እትዬ ሙሚና ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ ለተረፈው ልጃቸው እጃቸውን ዘርግተው አላህን ያመሰግናሉ።

«ሰላም ነው ያለኝ እማ።»

ሁለተኛው ድንጋይ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። የዓይን መፍሰስ ድምፅ የለውም። አልጮኸም፤ ተቀመጠ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ተረባርበው ያዟቸው።

«መምህር፣ ምንድነው የተባባሉት? ለጉባኤው አስረዳ» አሉ አያ ገብረ ማርያም።

ቲቸር አባይ አራጌን አየ፤ ደም ተፋ፤ በተጎረደ አፉ «ስለ ጤንነት ነው የተጠያየቁት» አለ።

እኔን ያዳነኝ የለም። ቲቸር አባይ የአማችነቱ ነገር ውሸቴ መሆኑን ሲሰማ በቀረችው የወይራ ቁራጭ ሦስት ጎድን ሰበረልኝ፤ የሚገባኝን ነው።

አሁን የማወራው እትዬ ሙሚና ባለፈው ሚያዝያ ስላረፉ ነው፤ የሚጎዳ የለም። የአራጌ እናት እስከ ዛሬ አያናግሩትም። ደም ሻጭ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ በዚያ ስም የጠራውን ሰው አንድ ጊዜ መንጋጋውን አውልቆታል፤ ምክንያቱን ግን አልተናገረም። እትዬ ሙሚና በሕይወት ሳሉ በበራቸው ባለፈ ቁጥር ከተቀመጡበት ይነሱለት ነበር።

«አራጌ ልጄ፣ አሊ ትናንት ደወለ። ሙህሲን ነገረኝ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብሎሃል፤ እያለቀሰ ነው አሉ።»

አራጌ በአንድ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ ይቆማል።

«አውፍ ብዬዋለሁ እትዬ» ይላቸዋል። «ሲደውል ይንገሩልኝ።»